የሞት ቅጣት ተገቢ ነውን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕግ ከፈቀደው የሞት ቅጣት ለምን የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል?

ሕግ ፈቀደ ማለት ድርጊቱ ተገቢ ነው ማለት ስላልሆነ ነው። ሰውን መሸጥና መለወጥ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን ሕግ የማይከለክለው ንግድ ነበር። በሞት ቅጣት ላይ የሚነሣው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁበት ነው። አንደኛው፣ ይህ ወንጀለኛ ለሠራው ሥራ ሞት ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይገባዋል ብንል እንኳ፣ ተይዞ የታሰረንና ከእንግዲህ ማንንም ሊጎዳ የማይችልን ሰው የመግደል ሥልጣን ለመንግሥት መስጠት አለብን ወይ የሚል ነው። ለመጀመሪያው «አዎን» ብሎ ለሁለተኛው «የለብንም» ማለት ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የሚያምነው ይህንኑ ስለሆነ፣ አንባቢው ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ይህን አውቆ እንዲመዝናቸው ያሳስባል።

በኢትዮጵያ የሞት ቅጣት አሁንም አለ?

አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል የሚሰጠውን ቅጣት በልዩነት ያስቀምጣል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 ቅጣቱን በብዙ ገደብ አጥሮታል፦ የሞት ፍርድ የሚሰጠው በተፈጸመ እንጂ በተሞከረ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለየ ሁኔታ አደገኛ መሆን አለበት፤ ቅጣት የሚያቀልል ምክንያት ካለ አይወሰንም፤ ጥፋቱ ሲፈጸም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አይቀጣበትም። ፍርዱ በርዕሰ ብሔሩ ካልጸደቀ አይፈጸምም፤ ሲፈጸምም በአደባባይ ወይም በስቅላት እንዳይሆን ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው ክልከላ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት መሪ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአዲስ አበባ ሕዝብ እያየ መሰቀላቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።

በተግባር ግን ፍርዱ እምብዛም አይፈጸምም። በይፋ ከታወቁት ውስጥ የቅርብ ጊዜው በ1999 ዓ.ም. ክረምት የተፈጸመው ሲሆን፣ የተቀጣውም በ1993 ዓ.ም. የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በመግደል የተፈረደበት የጦር መኮንን ነበር። ፍርድ ቤቶች ከዚያም በኋላ የሞት ፍርድ መስጠታቸውን አላቆሙም።

ሰው የገደለ ሰው መሞት አይገባውምን?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች የከበደው ነው፤ የሞት ቅጣትን የሚቃወሙ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ሳይመልሱት ያልፋሉ። ሆን ብሎ፣ አስቦና አድብቶ፣ ምንም ያላደረገውን ሰው የገደለ ሰው ሕይወቱን ቢያጣ ምን በደል ደረሰበት ሊባል ይችላል? ቅጣት ከጥፋቱ ጋር መመዛዘን አለበት የሚለው እምነት የጭካኔ ሳይሆን የፍትሕ ስሜት ነው። በዚህ እምነት መሠረት ነፍስ ያጠፋን ሰው ለጥቂት ዓመታት አስሮ መልቀቅ የሟቹን ሕይወት ማቃለል ነው፤ መግደል ግን ሕይወቱ ምን ያህል ውድ እንደነበረ መመስከር ነው።

ክርክሩ ጠንካራ ቢሆንም ሁለት ቦታ ላይ ይላላል። የመጀመሪያው፣ መመዛዘን ማለት መመሳሰል አለመሆኑ ነው። የደፈረን አንደፍርም፤ ቤት ያቃጠለን ቤቱን አናቃጥልበትም፤ ሰው ያሠቃየን አናሠቃይም። ይህን የማናደርገው ወንጀለኛው ስላልተገባው ሳይሆን፣ እኛ ልናደርገው የማይገባን ሥራ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ግድያ ብቻውን ከዚህ ደንብ ለምን እንደሚወጣ ማስረዳት የቅጣቱ ደጋፊዎች ዕዳ ነው። ሁለተኛው፣ የሚገባውን ለክቶ ለመስጠት የገዳዩን ልብ፣ የኖረበትን ኑሮ፣ በዚያች ሰዓት የነበረበትን አእምሮ ማወቅ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ችሎት የሚያየው ማስረጃ እንጂ ልብን አይደለም። በአንድ ፍርድ ቤት 20 ዓመት የሚያስፈርድ ግድያ በሌላው የዕድሜ ልክ፣ በሦስተኛው የሞት ፍርድ ሊያሰጥ ይችላል፤ ልዩነቱም አንዳንዴ ከጥፋቱ ክብደት ይልቅ ከተከላካይ ጠበቃው ብርታትና ከተከሳሹ ኪስ ይመጣል።

በቀደመው ዘመን በኢትዮጵያ የነፍስ ግድያ ቅጣት እንዴት ነበር?

ፍትሐ ነገሥት ነፍሰ ገዳይን በሞት እንዲቀጣ ያዝዝ ስለነበር ቅጣቱ አዲስም ባዕድም አይደለም። ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ ዛሬ ከምናውቀው በጣም የተለየ ነበር። በሞት የመፍረድ ሥልጣን በመሠረቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሲሆን፣ ገዳዩ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥና ደሙን የሚመልሱት እነርሱ ነበሩ። ዳኞችና ካህናት ሲለምኗቸው፣ እነዚሁ ዘመዶች የደም ካሳ ተቀብለው ሊምሩትም ይችሉ ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው ሥርዓትም ደምን በካሳና በእርቅ የሚያደርቅ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀደመው ሥርዓት የመግደልን መብት ሲሰጥ የመማርንም መብት ለዚያው ለተበደለው ወገን አብሮ ይሰጥ ነበር። ዘመናዊው መንግሥት ቅጣቱን ከደመኛው እጅ ሲወስድ ምሕረቱንም ወስዶታል። ዛሬ የሟች ቤተሰብ ከገዳዩ ጋር በሽማግሌ ቢታረቅ ክሱ አይቋረጥም፤ እርቁ ቢበዛ ቅጣቱን ለማቅለል ይጠቀሳል። ደም መመለስን የባህላችን ድምፅ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች የሽምግልናውን ግማሽ ይረሱታል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን የተዘጋጀ ነበር። ስዊዘርላንድ በሰላም ጊዜ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች የሞት ቅጣትን ካስቀረች ያን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ የኢትዮጵያው ሕግ ግን ቅጣቱን እንደያዘ ወጣ።

የሟች ቤተሰብ ሐዘን ቦታ የለውም ማለት ነው?

ቦታማ አለው፤ ነገር ግን የሐዘናቸው መፈወሻ የገዳዩ ሞት ነው ብሎ ስለ እነርሱ ማንም ሊናገርላቸው አይገባም። ልጁን ያጣ አባት ገዳዩ እንዲሞት መፈለጉ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሕግ ግን በተበዳዩ ቁጣ ልክ የሚቀጣ ቢሆን ኖሮ ዳኛ አያስፈልገንም ነበር፤ ዘመድ የሌለውን ሟች የገደለ ሰውም በቀላሉ ባመለጠ ነበር። ለሟች ቤተሰብ የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ ከማይደረግላቸው ነገር ውስጥ ነው፦ ምርመራው በአግባቡ መካሄዱ፣ የችሎቱን ሂደት ማወቅ፣ እውነቱ በይፋ መነገሩ፣ አሳዳሪ ያጡ ልጆች ካሳ ማግኘታቸው። ይግባኙ ለዓመታት የሚጓተት የሞት ፍርድ እነዚህን አንዱንም አይሰጣቸውም።

የሞት ቅጣት ሌላውን ሰው ከወንጀል አያስፈራምን?

ከዕድሜ ልክ እስራት የበለጠ እንደሚያስፈራ የተረጋገጠ ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሦስት ዐሥርተ ዓመታት በላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምሮ፣ ቅጣቱ የግድያ ወንጀልን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል ለማለት እንደማያገለግሉ ደምድሟል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ቅጣቱን ከሰረዘች በኋላ የግድያ ወንጀል አልጨመረም፤ በቀጣዮቹ ዐሥርተ ዓመታት እንዲያውም ቀንሷል። በስካር፣ በንዴት ወይም «አልያዝም» በሚል እምነት የሚገድል ሰው የወንጀል ሕግን አንቀጽ አያሰላም፤ የሚያስፈራው ነገር ካለም መያዙ ነው። በተጨማሪም፣ ቅጣቱ ያስፈራ ነበር ብንል እንኳ፣ አንዱን ሰው ለሌላው ማስፈራሪያ አድርጎ መግደል ራሱን የቻለ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል።

ፍርድ ቤት ቢሳሳትስ?

እስራት ቢያንስ የቀረውን ዕድሜ ይመልሳል፤ ሞት ግን ማረሚያ የለውም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1950 ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ገድሏል የተባለውን ቲሞቲ ኤቫንስን ሕፃኗን በመግደል ወንጀል ፈርዳ ሰቀለች። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ይኖር የነበረና በችሎቱ ላይ ምስክር ሆኖ የቀረበበት ሰው ብዙ ሴቶችን የገደለ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ታወቀ፤ ለኤቫንስ ይቅርታ የተደረገለት እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። በአሜሪካም ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ ከ190 በላይ ሰዎች ከክሱ ነጻ ወጥተዋል። ይህ የሆነው ጠበቃ፣ የዘረመል ምርመራና ተደራራቢ ይግባኝ ባለበት አገር ነው።

በኢትዮጵያ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ከዚያ የከፋም አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ፣ እስረኞችን መግረፍና ማሠቃየት መንግሥት ራሱ የፈጸመው ሽብር እንደነበረ አምነዋል። በግርፋት የተገኘ የእምነት ቃል ችሎት ፊት ሲቀርብ በፈቃድ ከተሰጠው ተለይቶ አይታይም። ተከሳሹ ምርመራው ሲጀመር ጠበቃ አጠገቡ ካልነበረ፣ የችሎቱ ቋንቋም በአስተርጓሚ በኩል የሚደርሰው ከሆነ፣ ዳኛው ቅን ቢሆንም የሚፈርደው በቀረበለት መዝገብ ላይ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ምክንያት ይህ ነው። ስለ ሞት ቅጣት ስንከራከር የምናስበው ፍጹም ዳኛን ነው፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ግን የምናውቀው መንግሥት ነው።

ሃይማኖት ቅጣቱን አያዝዝምን?

መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ቅጣቱን ያውቁታል፤ አንዱንም ጥቅስ ብቻውን መዝዞ ማቅረብ ግን አይገባም። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የሰውን ደም ያፈሰሰ ደሙ እንደሚፈስስ ይናገራል፤ ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር በወንድም ገዳዩ በቃየል ላይ ማንም እንዳይገድለው ምልክት እንዳደረገበት ይተርካል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 በአንድ ምስክር ቃል ማንም እንዳይገደል ከከለከለ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ የመስከሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲወረውሩ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ የቅጣቱን ሸክም በመስካሪው እጅ ላይ ያኖራል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 178 ቂሷስን፣ ማለትም ገዳይ በገደለው ልክ የሚቀጣበትን ሕግ፣ ሲደነግግ፣ የሟች ወገን ይቅር ሊል እንደሚችልም አያይዞ ያነሣል፤ በአል-ማኢዳ አንቀጽ 45 ደግሞ የተወ ሰው ለኃጢአቱ ማስተሰረያ እንደሚሆንለት ይናገራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2018 ትምህርቷን አሻሽላ ቅጣቱ ተቀባይነት የለውም ብላለች። አማኝ ሆኖ ቅጣቱን መደገፍም መቃወምም ይቻላል ማለት ነው።

አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱን ከደገፈው ጉዳዩ አላበቃም?

አላበቃም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ቅጣቱን ሲሽር፣ ብዙሃኑ ሕዝብ ሊደግፈው እንደሚችል ሳይክድ፣ ሕገ መንግሥት የሚያስፈልገው ብዙሃኑ የጠላቸውንም ሰዎች ለመጠበቅ እንደሆነ አስረድቷል።

ለዘር ማጥፋትና ለጅምላ ግድያስ? ለደርግ ባለሥልጣናት ሞት ያንሳቸው አልነበረምን?

ሰው ሁሉ «ለሌላው ይቅር፣ ለእነዚህ ግን» የሚለው እዚህ ላይ ነው። የደርግን ዘመን ያየ ሰው እንዲህ ቢል ማን ይፈርድበታል? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን የሚገኙባቸው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቀይ ሽብር ስንት ሺህ ወጣት እንደረገፈ፣ ስንት እናት የልጇን አስከሬን ከመንገድ እንዳነሣች አገር ያውቀዋል።

የእነዚህ ወንጀሎች ክስ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና በከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ላይ የሞት ፍርድ ሰጠ። መንግሥቱ በዚምባብዌ ስለሚኖሩ ፍርዱ የተሰጠው በሌሉበት ነበር። በኋላ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን የሃይማኖት መሪዎች ምሕረት ጠይቀው፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2003 ዓ.ም. የ23 ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰብእና ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይቅርታ ወይም በምሕረት እንዳይታለፍ ቢከለክልም፣ የሞት ፍርዱን ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጠው እንደሚችል ይፈቅዳል። እስረኞቹ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩ ስለነበሩ ብዙዎቹ 20 ዓመታቸውን ጨርሰው በአመክሮ ወጡ።

ይህ ውሳኔ የብዙ ሟች ቤተሰቦችን ልብ እንዳቆሰለ መካድ አይቻልም። የቅሬታቸውን ግማሽ እጋራለሁ፦ ምሕረቱ ሲለመን የሟች ወገኖች እንደ ቀደመው ሽምግልና መሀል ላይ አልተቀመጡም፤ ነገሩ በላይ በላይ አለቀ። ቅሬታው ግን ስለ አካሄዱ ነው እንጂ፣ ሽማግሌዎቹን እስረኞች መረሸን ይሻል እንደነበር አያሳይም። የደርግ ወንጀል ዋናው ይዘት መንግሥት ታስሮ በእጁ ያለን ሰው መግደሉ ነበር፤ ያን ወንጀል መንግሥት የታሰረን ሰው በመግደል ሊያወግዘው ሲነሣ ቃሉ ይቀንሳል። በሥርዓት የተካሄደ ችሎትና ያለ ፍርድ የሆነ ርሸና አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ያን ልዩነት ለትውልድ ያቆየው የተሰማው ምስክርነትና የተከማቸው መዝገብ ነው፤ ለዚህም ግድያ አላስፈለገም።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በአደባባይ ረሽናለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ቅጣቱን ከሕጓ የሰረዘችው ያችው ሩዋንዳ ናት። አንዱ ምክንያቷ ሌሎች አገሮችና የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት ሞት ወደሚጠብቃቸው ቦታ ተጠርጣሪዎችን ለመላክ ፈቃደኛ አለመሆናቸው ነበር። እኛም ይህን እናውቀዋለን። የጣልያን ኤምባሲ የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩትን ብርሃኑ ባይህንና አዲስ ተድላን ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ አላስረክብም ያለው የሞት ቅጣቱን ምክንያት አድርጎ ነበር። ቅጣቱ ተፈላጊዎቹን ለፍርድ ከማቅረብ ይልቅ ከፍርድ እንዲርቁ ረድቷል።

ፍርዱን እየሰጡ አለመፈጸም ጥሩ መካከለኛ መንገድ አይደለምን?

ከመግደል ይሻላል። ነገር ግን የተፈረደበት ሰው በየማለዳው ቀኑ ዛሬ ይሆን እያለ እንዲኖር ያደርገዋል፤ ሕይወቱም በሕግ ሳይሆን በጊዜው ፖለቲካ ላይ ይንጠለጠላል። ለ1999 ዓ.ም.ቱ አፈጻጸም የተመረጠው መዝገብ የመንግሥት ባለሥልጣን የተገደለበት መሆኑ በአጋጣሚ ነው ብሎ ለማመን ይከብዳል። ሕጉ ላይ ያለ ነገር አንድ ቀን የሚፈልገው መንግሥት አያጣም።

የሞት ቅጣት ቢቀር ዕድሜ ልክ እስራት በቂ ነው?

በቂ ሆኖ የማይታየው ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያትም አለው። በወንጀል ሕጉ መሠረት የዕድሜ ልክ እስረኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ፣ መታረሙ ከታመነበት፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ይህ ለአንዳንዱ ወንጀል ያንሳል የሚል ሰው የአመክሮው ዘመን እንዲረዝም መከራከር ይችላል፤ ክርክሩም አግባብ ነው። ከዚያ ዘሎ ግድያ ላይ መድረስ ግን አያስፈልግም።

በዓረብ አገሮች ሞት የተፈረደባቸውን ኢትዮጵያውያን በተመለከተ ጉዳዩ ልዩ ነው?

ሥነ ምግባሩ አንድ ሆኖ አደጋው ይበልጣል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2017ም በ2022ም የሞት ፍርድ ስታስፈጽም ከተገደሉት መካከል በየጊዜው አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ወጣት ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ከዚያችው አሠሪ ቤት በተነሣ ክስ ስትቀርብ፣ ስለ ፍርድ ስሕተት ከላይ የተባለው ሁሉ ይደራረብባታል። በሳዑዲ ዓረቢያ በቂሷስ የተፈረደ ሞት የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ ይቀራል፤ ይቅርታው በነጻ ሊሆን ይችላል፣ የደም ካሳ ሊጠየቅበትም ይችላል። ሥርዓቱ ከጉማና ከቀድሞው የደም ካሳ ጋር ስለሚቀራረብ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። ይሁን እንጂ የሚጠየቀው ገንዘብ አንድ ገበሬ ቤተሰብ ሊያስበው ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ የሰውዬው መዳን ወይም መሞት ወገኖቹ በሚያዋጡት ገንዘብ ይወሰናል።

ዘመድ የተፈረደበት ቤተሰብ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የፍርዱን ዓይነት ነው። የሟች ወገን ይቅርታ ሊያስቀረው የሚችለው በቂሷስ የተሰጠውን ነው፤ በአደንዛዥ ዕፅና በመሳሰሉት ወንጀሎች የተሰጠውን ግን ቤተሰብ አይሽረውም፤ የሚቀረው መንገድ ይግባኝና የመሪው ምሕረት ነው። በቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የታሰረ ሰው ከጠየቀ የያዘው አገር ለቆንስላው ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማመልከት የሚገባው ፍርዱ ከጸና በኋላ ሳይሆን እስሩ በተሰማበት ቀን ነው።